የመኪና ራዲዮ ረብሻ፤ ከማፈን በፊት ምንጩን መፈለግ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ትከሻ ከተሻገረ በኋላ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል። በዚህ ጎዳና ላይ ከንጋት እስከ ምሽት ሚኒባሶች፣ ሲሚንቶና ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪናዎች፣ ወተትና ድርቆሽ የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ይተላለፋሉ። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች መካከል ራዲዮ፣ በተለምዶ አነጋገር «ቴፕ»፣ የሌለውን ማግኘት ያስቸግራል። ሾፌሩ ዜና ይሰማበታል፤ ተሳፋሪውም የመንገዱን ርዝመት ይረሳበታል። ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ ከዜናውና ከዘፈኑ ጋራ ማንም ያልጠየቀው ሌላ ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት፣ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ምት፣ ወይም ከባድ ጉምጉምታ።

ይህ ድምፅ ለመሐንዲሶች ስብሰባ የማይመጥን ጥቃቅን ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ ከጆሮ ምቾት ያለፈ መሆኑን ሦስት ነገሮች ያስረዳሉ። አንደኛ፣ ረብሻው ብዙውን ጊዜ ገና ያልታየ ብልሽት ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ምልክቱን ለማጥፋት ሲባል በዘፈቀደ የሚደረገው ጥገና ሽቦን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ባለንብረቱ ያለ ምርመራ በሚለወጡ ዕቃዎች ገንዘቡን በከንቱ ያጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የዚህም ንግግር ፍሬ ሐሳብ ይኸው ነው። ረብሻን ከማፈን በፊት ምንጩንና የመጣበትን መንገድ መለየት ይገባል።

ምንጭ፣ መንገድና ተቀባይ

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ረብሻ ለመሰማት ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ ረብሻውን የሚያመነጭ አካል፣ ረብሻው የሚጓዝበት መንገድ፣ በመጨረሻም ረብሻውን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ። ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ ረብሻው አይሰማም። መንገዱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሽቦ ነው፤ ረብሻው በኃይል መሥመር፣ በግራውንድ ወይም በድምፅ ገመድ ተጉዞ ይገባል። ሁለተኛው አየር ነው፤ ረብሻው እንደ ራዲዮ ሞገድ ተሠራጭቶ በአንቴና ወይም አንቴና መሆን በማይገባው ሽቦ ይገባል።

ለዚህ ችግር የዓለም ባለሙያዎች መፍትሔ መፈለግ የጀመሩት ገና ራዲዮ ወደየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን ነው። የራዲዮ ረብሻን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ፣ በአጭር ስሙ ሲስፕር፣ በ1926 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ1934 ተቋቋመ። ይህ ኮሚቴ ካወጣቸው ደንቦች መካከል ሲስፕር 12 የሚባለው ከመኪናው ውጭ ያሉ ተቀባዮችን ከመኪናው ረብሻ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ሲስፕር 25 ደግሞ በዚያው መኪና ላይ የተተከሉትን ተቀባዮች የሚጠብቅ ነው። እንግዲህ አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በእነዚህ ወይም በመሰል ደንቦች ሊፈተን ይችላል። ከዚያ በኋላ የተጨመረው ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ ቻርጀርና የኤል ኢ ዲ መብራት ግን ከዚያ መኪና ጋራ አብሮ የተፈተነ አይደለም። ችግሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ

ሐሳቡን ለመከታተል ይረዳ ዘንድ አንድ የታሰበ ምሳሌ ይያዝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ የሚመላለስ፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ 12 ቮልት ባትሪ ያለው ሚኒባስ አለ። ባለንብረቱ አዲስ ቴፕ አስገጥሞ ከኋላ ወንበር ሥር አምፕሊፋየር አስጨመረ። የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ተስቦ መጣ፤ ኔጋቲቩ ግን በአቅራቢያው ከተገኘው፣ ቀለም ከተቀባው የወንበር ብሎን ጋራ ታሰረ። የድምፁ ገመድም በመኪናው ወለል ላይ ከኃይል ሽቦው ጋራ በአንድነት ታስሮ ተዘረጋ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ መኪናው ያፏጭ ጀመር። «ቴፑ ነው» ተብሎ ቴፑ ተለወጠ፤ ፉጨቱ ግን አልጠፋም። ቀጥሎ በኃይል መሥመሩ ላይ ማጣሪያ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ፉጨቱም ቀነሰና ሁሉም ደስ አለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ፉጨቱ ወደ ወፍራም ጉርምርምታ ተለውጦ ተመለሰ፤ ማታ ማታም የፊት መብራቱ ይደበዝዝ ጀመር።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የተሳሳተው የሰዎቹ ትጋት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ማንም «ይህ ድምፅ ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀም።

ድምፁን ማዳመጥ

የመጀመሪያው የመመርመሪያ መሣሪያ ጆሮ ነው። በመኪና ውስጥ የሚሰሙት ረብሻዎች በጠባያቸው በአራት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ከሞተሩ ፍጥነት ጋራ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ነው። ምንጩ በጋራዥ ቋንቋ ዲናሞ የሚባለው አልተርኔተር ነው። አልተርኔተር በሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህንንም 6 ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ይሁንና የሚወጣው ኤሌክትሪክ ፍጹም ለስላሳ አይደለም፤ በላዩ ላይ ጥቃቅን ሞገዶች ይቀራሉ። ብዙ አልተርኔተሮች እንዳላቸው 12 ዋልታዎች ያሉት ተሽከርካሪ ቢወሰድ በያንዳንዱ ዙር 36 ሞገዶች ይፈጠራሉ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞርና የቀበቶው ብዜት 2.5 ሲሆን አልተርኔተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል፤ የሞገዱም ድግግሞሽ 1,200 ኸርትዝ ይሆናል። ሞተሩ ወደ 2,000 ዙር ሲደርስ ድግግሞሹ 3,000 ኸርትዝ ይደርሳል። የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርትዝ ባለው ክልል በመሆኑ፣ አነስተኛ የሆነው ሞገድ እንኳ እንደ ትልቅ ፉጨት ይሰማል።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ከ6ቱ ዳዮዶች አንዱ ሥራውን ሲያቋርጥ ከየ6ቱ ሞገዶች ሁለቱ ይጎድላሉ፤ በዚህም ምክንያት በፉጨቱ ላይ ከድግግሞሹ አንድ ስድስተኛ የሆነ ወፍራም ድምፅ ይጨመራል። በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ ይህ 200 ኸርትዝ ያህል ነው። በምሳሌው ሚኒባስ ፉጨቱ ወደ ጉርምርምታ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ድምፁ «አንድ ዳዮድ ሞቷል፤ ባትሪው በሚገባ እየተሞላ አይደለም» እያለ ሲናገር፣ ማጣሪያው ግን የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሸፍኖት ነበር። እንዲህ ያለው መኪና በሱሉልታ ከተማ ውስጥ ቢቆም ችግሩ ቀላል ነው። በሌሊት፣ በዝናብ፣ መብራቱ ደብዝዞ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ቢገኝ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ረብሻ ከሞተሩ ጋራ የሚፈጥንና የሚዘገይ ቀጭ ቀጭታ ነው። ይህ በቤንዚን ሞተር ላይ የሚሰማ የብልጭታ ድምፅ ነው። ካንዴላ ባቀጣጠለ ቁጥር በአሥር ሺህ ቮልት የሚቆጠር ኃይል በቅጽበት ይለቀቃል፤ ቅጽበታዊ ብልጭታም በተፈጥሮው ሰፊ የራዲዮ ሞገድ ያሠራጫል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 60 ብልጭታዎች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች በፑንቲናና በዲስትሪቢዩተር የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ ምት በራዲዮአቸው ውስጥ ይሰማ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። መድኃኒቱም ታውቆ የቆየ ነው፤ ውስጣዊ ተቃውሞ ያለው ካንዴላ፣ ተቃውሞ ያለው የካንዴላ ገመድ፣ በቦቢናው ላይ የሚገጠም ኮንደንሰር። የካንዴላ ገመድ በጥንት ዘመን በተራ የመዳብ ሽቦ ሲተካ ሞተሩ ይነሣል፤ ራዲዮው ግን ይታመማል። በምሳሌው ሚኒባስ ላይ ግን የዚህ ዓይነት ረብሻ ሊኖር አይችልም፤ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ አያቀጣጥልምና። እንዲህ ያለች ቀላል ማመዛዘን ብዙ ከንቱ ፍለጋ ታስቀራለች።

ሦስተኛው ረብሻ ሞተሩ ቢጠፋም የማይጠፋ፣ ቋሚ የሆነ ድምፅ ነው። ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ በሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤል ኢ ዲ መብራት ወይም የቮልት ማውረጃ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በአሥር ሺህዎችና በመቶ ሺህዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ የሚሠሩ ናቸው። ቻርጀሩን ነቅሎ ማዳመጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሆኖም ሳይሞከር ቴፕ የሚለወጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አራተኛው ከቦታ ጋራ የሚመጣና የሚሄድ ረብሻ ነው። ይህ ከመኪናው ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ከዚህ በታች ለብቻው ይታያል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ድምፁ ከታወቀ በኋላ መንገዱ ይፈለጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ተራ ቴስተርና ሥርዓት ነው። በምሳሌው ሚኒባስ ላይ ምርመራው በሚከተለው አኳኋን ሊካሄድ ይችላል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ቴፑ ብቻ ይከፈታል። ረብሻ ካልተሰማ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን ከተሰማ፣ ምንጩ ከሞተሩ ጋራ የሚሠራ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ የድምፁ መቆጣጠሪያ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ረብሻው አብሮ ከወረደ የሚገባው ከመቆጣጠሪያው በፊት፣ ማለትም በአንቴናው ወይም በቴፑ የመቀበያ ክፍል ነው። ሳይለወጥ ከቀረ ግን የሚገባው ከመቆጣጠሪያው በኋላ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚወስደው ገመድ ወይም በራሱ በአምፕሊፋየሩ ነው። ይህች አንዲት ፈተና የፍለጋውን ክልል በግማሽ ትቀንሳለች።

ሦስተኛ፣ ረብሻው በራዲዮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የአንቴናው መሰኪያ ይነቀላል። ረብሻው ከጠፋ የገባው በአንቴናው ነው፤ የአንቴናው እግር ከቦዲው ጋራ ያለው ግንኙነት በዝገት ወይም በቀለም ተቋርጦ እንደሆነ ይታያል።

አራተኛ፣ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ የድምፁ ገመዶች ይነቀላሉ፤ መግቢያዎቹም በአጭር መሰኪያ ከግራውንዳቸው ጋራ ይያያዛሉ። እንደገና ሲከፈት ጸጥ ካለ አምፕሊፋየሩና የኃይል መሥመሩ ደኅና ናቸው፤ ረብሻው የሚመጣው በድምፁ ገመድ ነው። ከዚያም በራሱ ባትሪ ብቻ የሚሠራ፣ ከቻርጀር ጋራ ያልተያያዘ የእጅ ስልክ ከአምፕሊፋየሩ ጋራ ይያያዛል። በዚህ ጊዜ ድምፁ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ በቴፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ባለው የግራውንድ ልዩነት ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራቱም በርቶ፣ ቴስተሩ በቀጥተኛ ቮልት ላይ ተደርጎ አንደኛው ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይቆያል። ሌላው ጫፍ ግን በየተራ በሞተሩ አካል፣ በቦዲው፣ በቴፑ ቆርቆሮና በአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ላይ ይደረጋል። በደኅና መኪና ላይ እነዚህ ሁሉ ወደ ዜሮ የተጠጉ ናቸው፤ ከ0.1 ቮልት በላይ የታየበት ቦታ ይጠረጠራል። በመጨረሻም ቴስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ተለውጦ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ይለካል፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ የአልተርኔተሩ ዳዮዶች መፈተሽ አለባቸው።

ግራውንድ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው በቁጥር ማየት ይረዳል። ቀለም የተቀባ ብሎን ወይም የዛገ የግራውንድ ገመድ 5 ሚሊ ኦም ተቃውሞ ቢኖረው ማንም አይጠረጥረውም፤ መብራቱም ይበራል፣ ሞተሪኖውም ይዞራል። ነገር ግን በዚያ ብሎን ላይ 2 አምፔር የሚያህል የአልተርኔተር ሞገድ ቢያልፍ 10 ሚሊ ቮልት ይፈጠራል። የዘፈኑ ድምፅ በሚዝግበት ጊዜ በገመዱ ውስጥ የሚጓዘው ምልክት 20 ሚሊ ቮልት ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረብሻው የምልክቱን ግማሽ ያክላል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለቱን ሳይለይ ያጎላቸዋል፤ የእርሱ ሥራ ማጉላት እንጂ መምረጥ አይደለምና።

በምሳሌው ሚኒባስ ላይ ይህ ምርመራ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛው፣ የሞተሩንና የቦዲውን የሚያገናኘው የግራውንድ ገመድ በጭቃና በዝገት ተበልቷል፤ ስለዚህም ወደ ባትሪው መመለስ የነበረበት ኤሌክትሪክ ከፊሉ በቀጭኑ የድምፅ ገመድ ሽፋን በኩል ለመመለስ ይሞክራል። ሁለተኛው፣ ዳዮዱ ሞቷል። ገመዱ ተፍቆና ጸድቶ ሲታሰር፣ የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ቀለሙ በተፋቀ ቆርቆሮ ላይ በአጭር ሽቦ ሲጠብቅ፣ የድምፁም ገመድ ከኃይል ሽቦው ተለይቶ በሌላው የመኪናው ጎን ሲዘረጋ፣ አልተርኔተሩም ሲጠገን፣ ማጣሪያው ቢወጣ እንኳ መኪናው ጸጥ ይላል። በመጀመሪያ የተለወጠው ቴፕ በእርግጥ ምንም አልነበረበትም።

መወገድ ያለባቸው መፍትሔዎች

በአሠራር ላይ ከሚታዩት መፍትሔዎች አንዳንዶቹ ከበሽታው የከፉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ፉጨቱን ለማጥፋት የቴፑን ወይም የአምፕሊፋየሩን ኔጋቲቭ መቁረጥ ነው። እውነት ነው፤ የግራውንድ ቀለበቱ ስለሚቋረጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ኃይል በሙሉ በድምፁ ገመድ ቀጭን ሽፋን በኩል መመለስ ይኖርበታል። ለጥቂት ሚሊ አምፔር የተሠራ ሽፋን አሥር አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፤ ምንጣፉና የወንበሩ ስፖንጅም ከዚያው ሥር ናቸው።

ሌላው ከባትሪ የሚነሣውን ወፍራም ሽቦ ያለ ፊውዝ መዘርጋት ነው። ፊውዝ አምፕሊፋየሩን ለመጠበቅ ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው አሉ። ዋናው ተግባሩ ግን ሽቦውን መጠበቅ ስለሆነ ቦታው በባትሪው አጠገብ ነው። ሽቦው በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ ተፍቆ ከቦዲው ጋራ ቢነካካ፣ ፊውዝ ከሌለ ባትሪው ያለ የሌለ ኃይሉን በዚያች ነጥብ ላይ ያፈስሳል። ቀዳዳውም የጎማ ቀለበት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በጭነት መኪናዎች ላይ የሚታይ ነው። አይሱዙ ኤን ፒ አርን የመሳሰሉ መኪናዎች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን አከታትለው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 12 ቮልት ቴፕ ሲገጠምላቸው አቋራጩ መንገድ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መውሰድ ነው። አልተርኔተሩ ግን ሁለቱን በእኩል አምፔር ስለሚሞላ፣ ቴፑ የሚጠጣበት ባትሪ ሁልጊዜ ጎድሎ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞላል። ውጤቱም ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው መሞት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ መጠቀም ነው። ሆኖም መሣሪያው ርካሽ ከሆነ ራሱ የረብሻ ምንጭ ስለሚሆን፣ ከአንቴናው ርቆ በብረት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥና ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ማድረግ ይገባል።

ማጣሪያና ኮንደንሰር ታዲያ ጨርሶ የማያስፈልጉ ናቸው ማለት አይደለም። ምንጩ ታውቆ፣ ደኅና መሆኑ ተረጋግጦ፣ ግራውንዱም ጸድቶ የሚቀር ረብሻ ካለ ማጣሪያ ተገቢ ነው። ማጣሪያ የምርመራው ፍጻሜ እንጂ መጀመሪያው ሊሆን አይገባውም።

ከመኪናው ውጭ የሚመጣ ረብሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሱሉልታ የሚገባ ሾፌር የእንጦጦን ትከሻ እንዳለፈ ራዲዮው ሽሽ ማለት ሲጀምር መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ነገር ግን የኤፍ ኤም ሞገድ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርትዝ ባለው ክልል የሚጓዝ በመሆኑ እንደ ብርሃን በቀጥታ መሄድን ይወዳል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ማሰራጫው ከተራራው ደቡብ የሆነ ጣቢያ በሰሜኑ ሜዳ ላይ በተራራው ጥላ ሥር ይወድቃል። ኤፍ ኤም ብርቱ ምልክት ሲያገኝ ረብሻን የመቋቋም ልዩ ችሎታ አለው። ምልክቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ግን ይህ ችሎታ በድንገት ይጠፋና ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው የመኪናው ረብሻ ሁሉ ይገለጣል። ስለዚህ አንድ መኪና አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ብሎ ሱሉልታ ላይ ቢያፏጭ ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ ምልክቱ ደክሟል፣ መኪናውም ረብሻ ነበረበት። ለማጣራት ያው መኪና ወደ ተራራው ጫፍ ተመልሶ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ በርቶ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ይደመጣል።

በመካከለኛ ሞገድ ለሚያዳምጡ ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመሮች ሌላ ምንጭ ናቸው። በሽቦዎቹ ዙሪያ ያለው አየር በከፊል ሲሰበር ኮሮና የሚባለው ፍሳሽ ይፈጠራል፤ በተለይ በዝናብና በጉም ጊዜ ይበረታል። በ50 ኸርትዝ መሥመር ላይ ይህ ረብሻ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚመላለስ ጉምጉምታ ሆኖ ይሰማል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። በሰበታ በኩል ያለው ሁኔታም ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ የባቡር መሥመር ጫፍ ሰበታ ሲሆን፣ ባቡሩ የሚሠራው በ25,000 ቮልት ነው፤ የባቡሩ መቀበያ ከላይኛው ሽቦ ሲላቀቅ የሚታየው ብልጭታም የራዲዮ ረብሻ ያሠራጫል። ይህን የመሰለ ረብሻ በመኪናው ላይ ማጣሪያ በመደርደር አይጠፋም። መለያውም ቀላል ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም ይሰማል፤ መኪናው ከመሥመሩ ሲርቅ ግን ይጠፋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ጉዳዩ አዲስ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና በቀበቶ የሚዞር አልተርኔተር የለውም፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪው የሚሞላው ከዋናው ባትሪ ኃይል በሚያወርድ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ስለሆነም የታወቀው ፉጨት ይቀራል። በምትኩ ግን በሴኮንድ በሺህዎችና በአሥር ሺህዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚከፈቱና የሚዘጉ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው መሣሪያዎች ይመጣሉ፤ የእነርሱም ረብሻ በተለይ በመካከለኛው ሞገድ ላይ ይበረታል። በውጭ አገር አንዳንድ ፋብሪካዎች ከኤሌክትሪክ መኪናዎቻቸው ውስጥ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮን እስከ ማስቀረት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ደኅንነት ነው። እስከ ዛሬ በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ የሠራ ባለሙያ በ12 ወይም በ24 ቮልት ስለለመደ ሽቦን በባዶ እጅ መያዝ፣ በጥርስ መላጥ፣ ብልጭታ እያስነሡ መሞከር ልማድ ሆኖበታል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች 300፣ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚይዙ ናቸው፤ መኪናው ከጠፋ በኋላ እንኳ በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ኃይል ለጊዜው ይቆያል። የቴፕ ፉጨት ለመፈለግ ብሎ ከእነዚህ አንዱን የሚቆርጥ ሰው ሁለተኛ ስሕተት ለመሥራት ዕድል አይኖረውም። ስለዚህ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የድምፅ መሣሪያ ለመጨመር የሚሻ ባለሙያ ከባለ 12 ቮልቱ ክፍል እንዳይወጣ፣ ብርቱካንማውን ክፍል ግን ሥልጠናና መከላከያ ጓንት ላለው፣ የፋብሪካውንም መመሪያ ለሚከተል ሰው እንዲተው ማስተማር ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ የተነገረው ሁሉ ለዚህ ማኅበር አባላት አዲስ ፊዚክስ አይደለም። የኦም ሕግ፣ የሦስት ፌዝ ሞገድና የግራውንድ ቀለበት በዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጠናቀቁ ትምህርቶች ናቸው። ችግሩ ዕውቀቱ ያለበት ቦታና ሥራው የሚሠራበት ቦታ መራራቃቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ የሚገኙ ጋራዦች ውስጥ የሚሠሩት ወጣቶች እጃቸው የሠለጠነ፣ ጆሮአቸውም የነቃ ነው። የጎደላቸው ጆሮአቸው የሰማውን በቁጥር የሚያረጋግጡበት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከላይ የተዘረዘረው የምርመራ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጋራ በመተባበር የግራውንድ ልኬትንና የፊውዝ አመዳደብን በተግባር የሚያሳይ አጭር ትምህርት መስጠት። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት ወደ ጋራዥ ከመግባታቸው በፊት፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ደኅንነት ትምህርት ለእነዚሁ ባለሙያዎች እንዲደርስ ማሳሰብ።

በምሳሌው የተጠቀሰው ሚኒባስ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር፤ መጀመሪያ በቀጭን ፉጨት፣ በኋላም በወፍራም ጉርምርምታ። የመጀመሪያውን ቃል ያዳመጠ ባለሙያ ቢያጋጥመው ኖሮ ወጪው አንድ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ብሎንና የግማሽ ቀን ሥራ በሆነ ነበር።